ሃያ ሦስት የይለፍ ቃል

«የካቲት ዐሥራ አንድ ቀን ነው» ይላል መምህሩ፣ ይህን ነገር ባወራ ቁጥር። ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ያመነታል። «ዐሥራ አንድ ነው ወይስ ዐሥራ ስምንት? ማክሰኞ እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።»

ሚስቱ አጠገቡ ካለች አታልፈውም። «ማክሰኞማ አይደለም። ማክሰኞ ልጅቷን ጥርስ ሐኪም ዘንድ መውሰድ የነበረብህ ቀን ነው። እንዴት አስታወስሽ እንዳትለኝ፤ አንተ ስለረሳሃት ነው እኔ የማልረሳው።»

እሱም ፈገግ ብሎ ክርክሩን ይተወዋል። ገልጦ እንዳያይ መዝገብ የለውም፤ በገባው ቃል መሠረት የዚያን ጥናት መረጃ አንድም ሳያስቀር አጥፍቶታል። የቀረው ራሱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀን አይቆጥርም። ሰዓቱን ግን አይስተውም። ጥናቱ የተጀመረበትን መልእክት የላከው ከጠዋቱ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

መምህሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። ዘመዶቹ ኮምፒውተር የሚጠግን ይመስላቸውና ስልካቸው በተበላሸ ቁጥር ይደውሉለታል። እሱ የሚያጠናው ግን ኮምፒውተሩን ሳይሆን ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። ሰው የመሥሪያ ቤቱን በር በሦስት ቁልፍ ቆልፎ ሲያበቃ የይለፍ ቃሉን ለምን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር ያስቀምጣል? የማያውቀው ሰው «አስተዳዳሪ ነኝ» ብሎ ሲጽፍለት ለምን ያምናል? በዚህ ጥያቄ ሰባት ዓመት ሲንከራተት ከርሞ በመጨረሻ አንድ ትልቅ የውኃ መሥሪያ ቤት በሩን ከፈተለት።

መሥሪያ ቤቱ የራሱ ምክንያት ነበረው። ከሦስት ወር በፊት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ገብቶ የአራት ቀን የሥራ ትዕዛዝ ደምስሶ ነበር። የትኛው ቧንቧ የት እንደፈነዳ የሚያውቅ ጠፍቶ ግማሹ ከተማ ባልዲ ይዞ ሲንከራተት ሰነበተ። ያደረገው ሰው አልተገኘም። ሥራ አስኪያጁ ያን ሰው በእጁ ለማስገባት እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

ስምምነታቸው አጭር ነበረች። መምህሩ ለሠራተኛው ሁሉ አንድ የማታለያ መልእክት ይልካል፤ ስንቱ እንደተታለለ ይቆጥራል፤ ስም አይወጣም፤ ማንም አይቀጣም። ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፣ መምህሩም ፈረመ። ሠራተኞቹም ከወር በፊት «ስለ አሠራራችን ጥናት ይደረጋል» በሚል ወረቀት ላይ ፈርመዋል። ሳያነቡ እንደፈረሙ መምህሩ ያውቅ ነበር፤ ያም ራሱ ግኝት ነው ብሎ ማስታወሻው ላይ አስፍሮታል።

መልእክቱን ያዘጋጀው በራሱ እጅ ነው። «የይለፍ ቃልዎ ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ የቀድሞውንና አዲሱን ካላስገቡ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድዎ ከመዝገብ ይሰረዛል። የሰው ሀብት አስተዳደር።» የዓመት ፈቃዱን ነገር ያመጣው አንድ ምሽት እራት ላይ ሲሆን በሐሳቡ ተደስቶ ለሚስቱ ነግሯታል። እሷ ግን «ነውር አይደለም?» ብላ ሳህኖቹን አነሳች።

ለሥራው የተሰጠችው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሰርቨሮቹ ጎን ያለች፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ነበረች። ማቀዝቀዣው ያለ ፋታ ያጉረመርማል። አጠገቡ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፍ ወጣት ነው። ሠራተኛው «ዘበኛው» ይለዋል፤ ኳስ የሚታይበትን ገጽ ሁሉ ስለዘጋባቸው። ስምምነቱ ላይ እሱ እዚያ ይቀመጣል የሚል ነገር አልነበረም። ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ግን መምህሩ እንግዳ ነውና «ውጣ» ማለት ከበደው።

«እንዴት ነው ዶክተር፣ መንጠቆው ያዘ?»

«ቀስ እያለ ነው።»

ማያ ገጹ ላይ የሚታየው ማሽኑ ያለበት ክፍል ቁጥርና ከዚያ ማሽን ስንት ሰው የይለፍ ቃሉን እንዳስገባ ብቻ ነው። ስም እንዳይታይ አድርጎ የሠራው መምህሩ ራሱ ነው። ከአንዱ ማሽን አንድ፣ ከሌላው አንድ፣ ከሦስተኛው ምንም። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ግን ከአንዱ መስመር ፊት አራት ቁጥር ተጻፈ። መምህሩ ስህተት መሰለው። አምስት ሆነ። ሻይ ፉት ብሎ ዓይኑን ሲመልስ ዘጠኝ ነበር። ሻዩን አስቀመጠው። ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ አምስት። አንድ ሰው የሌሎችን የይለፍ ቃል ሰብስቦ አንድ በአንድ እየሞከረ ነው። ያ የሥራ ትዕዛዙን የደመሰሰው ሰውዬ ይሆን? ዐሥራ ዘጠኝ።

«ክፍል ዐሥራ አራት የማን ነው?» አለ።

መምህሩ ይህችን ጥያቄ እስካሁን ጆሮው ላይ ይሰማታል። ስም አልጠራም። ክፍል ዐሥራ አራት ውስጥ ግን የምትሠራው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«የእታለም ነዋ፣ መዝገብ ቤት» አለ ዘበኛው እንደዋዛ። ከዚያ ወደ ማያ ገጹ ጎንበስ አለና ፊቱ ተለወጠ። «የዐሥራ ዘጠኝ ሰው ፓስዎርድ? በእሷ ማሽን?»

«ቆይ፣ ምንም ሳናጣራ...»

«ዶክተር፣ እርስዎ ቁጥርዎን ይቁጠሩ። ይሄ የኔ ሥራ ነው።» ስልኩን እያነሳ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አቀና።

መምህሩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

መዝገብ ቤቱ ከምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በክር የታሰሩ ቡናማ ፋይሎች ተደርድረዋል፤ የአሮጌ ወረቀት ሽታ በሩ ላይ ይቀበላል። ብቸኛው መስኮት የሥራ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ግቢ ያያል። ከመስኮቱ ሥር፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች፣ አጭር፣ ትከሻዋ ላይ ግራጫ ሹራብ ጣል ያደረገች ሴት ስልኩን በአገጯና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ በሁለት ጣት ትጽፋለች።

«ስማ እንጂ አንተ። ስምህን ማን ጠየቀህ? የልጅህን ነው የምልህ። የመጀመሪያዋን። ... እሷማ ሁለተኛዋ ናት። ... ኧረ ሁለተኛዋ ናት፣ ስትወለድ ፈቃድ የሞላሁልህ እኔ አይደለሁ እንዴ? ተወው፣ እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ቧንቧህን ያዝ።» ስልኩን ዘጋችና ቀና አለች። «ይግቡ። ፋይል ነው?»

«አይ። ከዩኒቨርሲቲ ነኝ። ስለ ጥናቱ።»

«እንዴ፣ መምህሩ ነዎት? ወንበሩን ይጎትቱ። ዛሬ ለወሬ አይመችም እንጂ ብዙ የማጫውትዎ ነበረኝ። ከላይ የሆነ ነገር ልከው ሰዉን በአንድ እግሩ አቁመውታል። እስከ ስድስት ሰዓት ፓስዎርዱን ያላደሰ ፈቃዱ ይሰረዛል አሉ። ልጆቹ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፣ ትልቁ መስመር ፈንድቶ። እዚያ ጭቃ ውስጥ ኮምፒውተር ከየት ይምጣላቸው?»

መምህሩ ተቀመጠ። እጁ ላይ ማስታወሻ ደብተር ነበር፤ አልከፈተውም።

የእታለምን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ቢኖር ፋይሏን የያዘው መደርደሪያ ብቻ ነው ይሉ ነበር፣ እሱንም ያደራጀችው እሷ ናት። ጡረታ ሊወጡ የደረሱት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እታለም ይሏታል። ወደ መሥሪያ ቤቱ የመጣችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ዓመት በታይፒስትነት ሠራች። ባሏን በአርባ ዓመቷ ቀበረች። ልጅ አልወለደችም፤ ከታላቅ እህቷ ጋር አንድ ቤት ትኖራለች፣ የእህቷንም ሴት ልጅ አብራ አሳድጋ ድራለች። መዝገብ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች። የሰዉ የልደት ቀን፣ የልጆቹ ስም፣ የታመመበት ወር፣ ከአለቃው የተጣላበት ደብዳቤ ሁሉ በእሷ እጅ አልፏል። አንዱንም ግን ከክፍሉ ውጭ አውርታ አታውቅም። ስለዚህ ይወዷታል፣ ስለዚህም ይፈሯታል።

ከስድስት ዓመት በፊት ሁሉ ነገር ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ለቧንቧ ሠራተኞቹም የይለፍ ቃል ታደለ። ግማሽ ቀን አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ እንቅልፋቸውን ለጥጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ፈቃድም ይሁን የሥራ ጫማ፣ በሲስተሙ ካልተጠየቀ አይገኝም ተባለ። ጉድጓድ ውስጥ የሚውል ሰው ወደ ቢሮ ሲመጣ እጁ ጭቃ ነው፤ ቁልፎቹን መንካት ይፈራል። እግራቸው ወዲያውኑ ወደለመደው ክፍል ወሰዳቸው። ፋይላቸው እዚያ ነው፣ የልጆቻቸው ስም እዚያ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ጨምረው እሷ ዘንድ ማስቀመጥ ልዩ ነገር አልመሰላቸውም።

«እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው» አለችው፣ ቀጣዩን እየጻፈች። «የመጀመሪያ ልጅ ስምና የፋይል ቁጥር። ልጅ የሌለው የእናቱን ስም። ሃያ ሁለት ናቸው። አንዱም ወረቀት ላይ የለ። ሌባ ቢገባ ምን ያገኛል? እዚህ ነው ያለው።» ግንባሯን በእርሳሱ ጫፍ መታ መታ አደረገች።

መምህሩ የተዘጋውን ደብተር ጭኑ ላይ አኖረው። በሰባት ዓመት ካነበበው ጽሑፍ ይህን የመሰለ ነገር የትም አላገኘም። ቸልተኝነት የሚለው ቃል አይገልጸውም፣ ስርቆትም አይደለም። አደራ ነው። አንድ ብልህ ሌባ ግን እሷን ብቻ ካታለለ ሃያ ሁለት ሰው አታለለ ማለት ነው። ያ ሌባ ደግሞ ፊቷ ተቀምጧል።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አነጋገረች፣ ዘጋች፣ ጻፈች። ሃያ አንድ። ሌላው ደወለ። ሃያ ሁለት።

«አሁን የቀረው የኔ ነው» ብላ ጣቶቿን አፍታታች። ግን ወዲያው አልጀመረችም። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ እየጠረገች ወደ ማያ ገጹ አየች። «እውነቱን ልንገርዎ? ይሄ ነገር አልጣመኝም።»

«ምኑ?»

«የሰው ሀብት ኃላፊዋን አውቃታለሁ። ሰላምታ ሳታስቀድም ጽፋ አታውቅም። ፈቃድ እሰርዛለሁ ብላም ሰው አስፈራርታ አታውቅም። ደወልኩላት፣ ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ።» መነጽሯን መልሳ አደረገችና ዞር ብላ አየችው። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ምን ይመስልዎታል? ላስገባ ወይስ ልቆይ?»

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር፣ ገና ሩቅ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «ይቆዩ» ቢላት ይበቃ ነበር። ተመራማሪ ግን በሚያጠናው ሰው ውሳኔ ውስጥ እጁን አያስገባም። ይህን ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ እንዳስተማረ አይቆጠርም።

«እኔ እንኳ... የመሥሪያ ቤቱን አሠራር አላውቅም» አለ።

«እሱስ ልክ ነዎት። እንግዳ ምን ያውቃል።» ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ የራሷን አስገባች። ሃያ ሦስት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዘበኛው ነው፣ ከኋላው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከእሱም ኋላ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ።

«እታለም፣ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ።»

«ምን ሆነሃል አንተ? ደህና አደርሽ የለም እንዴ?»

«አንሺ ነው የምልሽ።»

ዘበኛው ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ገመዱን ነቀለ። የጥበቃ ሠራተኛው ወለሉን ያያል፤ የእሱም ፋይል ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። እታለም መጀመሪያ አንዱ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ መሰላት፣ «ማን ነው? ማን ተጎዳ?» አለች። ዘበኛው ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ። ከዚያ የመምህሩን ፊት አየች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው ፊት ስታነብ የኖረች ሴት ናት።

«ያ ደብዳቤ የእርስዎ ነው?»

«አዎ» አለ።

እታለም ሹራቧን ከትከሻዋ ላይ አንስታ በወጉ ለበሰችው፣ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ቆለፈች።

በዚያው ቀን ከሥራ ታገደች። ሥራ አስኪያጁ መምህሩን አስጠርቶ በሩን ዘጋ። ጠረጴዛው ላይ ዘበኛው ያመጣው ወረቀት ነበር።

«ሃያ ሦስት የይለፍ ቃል በአንድ እጅ» አለ። «ከሦስት ወር በፊት ያጠቃንን ሰው አንተ አገኘህልኝ። ቀድሞ እሷን የሚጠረጥር ማን ነበር?»

«ማንም አይቀጣም ብለው ፈርመዋል።»

«ለተታለለ ሰው ነው የፈረምኩት። ሌባ እንዲደበቅ አይደለም።»

«ሌባ አይደለችም።»

«እንግዲያው ምንድን ናት? ንገረኛ።»

መምህሩ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ሌባ አለመሆኗን ለማስረዳት ሰዎቹ ራሳቸው እንደሰጧት መናገር አለበት። ያ ደግሞ ስም ባይጠራም ሃያ ሁለት ሰው ማጋለጥ ነው። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለ።

«ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል። አንተም ትቀርባለህ። ያየኸውን ትናገራለህ፣ ይኸው ነው። በስርቆት ከተሰናበተች ግን ጡረታ የሚባል ነገር የለም፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ያልፋል። አስብበት።» ጡረታዋ ዐሥር ወር ነበር የቀረው።

በማግሥቱ መምህሩ ትልቁ መስመር ወደፈነዳበት መንገድ ሄደ። የቧንቧ ሠራተኞቹን አለቃ፣ ፎርማኑን፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ አገኘው፤ ረጅም፣ ጺሙ የሸበተ፣ የጎማ ጫማው ጉልበቱ ድረስ የሆነ ሰው። መምህሩ ማን እንደሆነ ሲነግረው አካፋውን መሬት ላይ ሰካ።

«አንተ ነህ እንዴ? እኔ ደግሞ ቀንድ ያለህ መስሎኝ ነበር።» ከጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹ ቁፋሯቸውን ቀጠሉ።

«ሰኞ መጥታችሁ እውነቱን ብትናገሩ...»

«ትናንት ሁላችንም ከጉድጓዱ ልንወጣ ነበር። ቢሮው ደጅ ተሰልፈን እውነቱን ልንናገር። እታለም ደውላ ምን አለችን መሰለህ? አንዳችሁ እግራችሁን ብታነሱ ዓይናችሁን ማየት አልፈልግም አለች። ሲስተሙ ሲመጣ ወረቀት አስፈርመውናል። ፓስዎርዱን ለሌላ የሰጠ ከሥራ ይሰናበታል ይላል። እዚህ ያለነው ሃያ ሁለት ቤት ነን። እኔ አንድ ነኝ ትላለች።» በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። «ምን እናድርግ? አንተ የተማርክ ነህ፣ ምከረን።»

ለሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ተባለ፤ መምህሩ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ሰኞ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሦስት ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የሰው ሀብት ኃላፊዋ፣ የሕግ ክፍሉ ሰው። ዘበኛው ወረቀቶቹን ይዞ ጥግ ላይ። እታለም ያንኑ ግራጫ ሹራብ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጣለች። መምህሩ ከጎኗ ሦስት ወንበር ርቆ።

«የሃያ ሁለት ሠራተኞችን የይለፍ ቃል ከማን አገኙት?» አለ የሕግ ሰው።

«ከማንም።»

«ከማንም ማለት?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ሰብረው ገብተው?»

«ሰብሬ አላልኩም። አወጣሁት ነው ያልኩት። ይጻፉልኛ።»

ውሸት አልተናገረችም፣ አንዲት ቃል እንኳ። ሆኖም በእያንዳንዷ እውነት ገመዱን በራሷ አንገት ላይ ታጠብቅ ነበር።

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«እነሱን ይጠይቋቸዋ።»

«ጠይቀናቸዋል። የእታለም ጉዳይ አይመለከተንም ብለዋል፣ ሃያ ሁለቱም፣ በአንድ ቃል።» የሕግ ሰው ገጽ ገለጠ። «የሥራ ትዕዛዞቹ በጠፉበት ቀንስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እዚሁ ነበርኩ።»

የሰው ሀብት ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እታለም፣ ለምን እንዲህ ትሆኚያለሽ? አንድ ነገር ካለ ተናገሪ እንጂ።»

«ተናገርኩ እኮ እቱ።»

ያኔ ሥራ አስኪያጁ ወደ መምህሩ ዞረ። «ወደ ክፍሏ የገቡት ከዘበ... ከኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ በፊት እርስዎ ነዎት። ሲገቡ ምን ስታደርግ አገኟት?»

እታለም ወደ መምህሩ አየች። አልለመነችውም፣ አልተቆጣችውም። ጉድጓድ ውስጥ ላሉት ልጆች በስልክ «እኔ አውቀዋለሁ» ስትል የነበረው ፊት ነው። ምን እንደምትለው ገባው፤ ዝም በል ነው የምትለው። ዝም ካለ ስሟ የሌባ ስም ሆኖ ይቀራል፣ ከሦስት ወር በፊት የሆነውም በእሷ ላይ ይደፈደፋል፣ ከዚህ ሕንፃ በፖሊስ ታጅባ ትወጣለች። ከተናገረ ደግሞ ራሷን ሸጣ የገዛችውን የሃያ ሁለቱን እንጀራ ከእጇ ይነጥቃታል።

«መምህር?» አለ የሕግ ሰው።

«ስልክ ላይ ነበረች» አለ።

እታለም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ሰዎቹ ራሳቸው እየደወሉላት ነበር። የምታስገባው እነሱ አስገቢልን ስላሏት ነው። ኮምፒውተር የላቸውም፣ ኖሮአቸውም አያውቅም። ስድስት ዓመት ፈቃዳቸውን የሞላችው እሷ ናት፣ እናንተም ስድስት ዓመት ስትፈርሙበት አልጠየቃችሁም።» ወደ ሰው ሀብት ኃላፊዋ ዞረ። «ሌላም አለ። የመጨረሻውን፣ የራሷን፣ ልታስገባ ስትል ደብዳቤው አልጣመኝም አለችኝ። ላስገባ ወይስ ልቆይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ ሁሉ ሕንፃ የተጠራጠረችው እሷ ብቻ ናት። እኔም አላውቅም አልኳት። ዋሸኋት።»

«ጠይቃዎት ነበር?» አለች የሰው ሀብት ኃላፊዋ በዝግታ።

«አዎ። ለእርስዎም ደውላ ነበር። ስብሰባ ላይ ናት አሏት።»

ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ስለ ስርቆት ያነሳ አልነበረም።

ውሳኔው ረቡዕ ወጣ። እታለም ሌባ አይደለችም፤ ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ሃያ ሁለቱንም ማባረር ከተማውን ያለ ውኃ ማስቀረት ስለነበር ለእያንዳንዳቸው ማስጠንቀቂያ በፋይላቸው ገባ። ያን የምታስገባው ደግሞ እሷው ነበረች፤ ሃያ ሁለቱን ወረቀት በእጇ በስታ፣ በክር አስራ መለሰቻቸው። ፎርማኑ ለስድስት ወር ከኃላፊነቱ ወረደ። ግቢው ውስጥ ለቧንቧ ሠራተኞቹ ሁለት ኮምፒውተር ተተከለ፤ ዘበኛው ራሱ ቆሞ ያሳያቸዋል፣ እነሱም ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ ይጽፋሉ። ክፍል ዐሥራ አራት በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰዎቹ ሲያልፉ ከበሩ ወዲያ ሆነው «እንደምን ዋልሽ እታለም» ይሏታል፣ እሷም ከወዲያኛው ትመልሳለች። የሥራ ትዕዛዙን ያጠፋው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በሁለተኛው ሳምንት ዐሥሩን ወር ትታ አስቀድማ ለመውጣት ማመልከቻ አስገባች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የግል» ብላ ጽፋ ነበር።

መምህሩ የሰማው ከሰው ሀብት ኃላፊዋ ነው። በመጨረሻው ቀኗ ትምህርት ሰርዞ መጣ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ጥያቄ አፉ ውስጥ ሲያላምጥ ነበር። ዝም ብል ይሻልዎት ነበር? ይኸው ነው። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ይቅርታ ለመጠየቅም መጀመሪያ የትኛውን እንዳጠፋ ማወቅ አለበት፤ ያኔ ክፍሏ ውስጥ ዝም ማለቱን ነው ወይስ ኮሚቴው ፊት መናገሩን?

እታለም መሰላሉ ላይ ቆማ ለተተኪዋ፣ ጥፍሯን ቀይ ለተቀባች ወጣት፣ መደርደሪያዎቹን ታሳያት ነበር።

«ይሄ የጡረተኞች ነው። ይሄ የሞቱት። የሞቱትን አትናቂያቸው፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚመጣው ለእነሱ ነው፤ ልጆቻቸው ናቸው የሚመጡት። ይሄኛው ከአለቃ ጋር የተጣሉ ሰዎች ደብዳቤ ነው። አታንብቢው።»

«እሺ እታለም።»

«ካነበብሽም አታውሪው።» ቀስ ብላ ወረደችና መምህሩን አየችው። «መምህር። መጡ?»

«መጣሁ። አንድ ነገር...»

ግቢው ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ከመስኮቱ ውጭ የቧንቧ ሠራተኞቹ መኪና ቆሟል፤ ኋላው ላይ ስድስት ሰባት ሰዎች ከነሥራ ልብሳቸው ተቀምጠዋል። ፎርማኑ የፊተኛውን በር ከፍቶ ቆሞ መቀመጫውን በጨርቅ ይወለውላል።

«እነዚህ ልጆች ደግሞ» አለች እታለም። «በሥራ ሰዓት። ሌላ ማስጠንቀቂያ ያምራቸዋል።» ቦርሳዋን አነሳች፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ለተተኪዋ ሰጠቻት፣ ከዚያ ለመምህሩ እጇን ዘረጋችለት። መዳፏ ደረቅና ሞቃት ነበር። «የሚጽፉት መጽሐፍ ላይ ስም አያስገቡም አይደል?»

«አላስገባም። የማንንም።»

«ደግ።»

ጥሩምባው ደገመ። «መጣሁ፣ ምን ያንጫጫችኋል» ብላ ወጣች። መምህሩ ተከትሏት በኮሪደሩ ወጣ፤ «እታለም» አለ፣ እሷ ግን ደጁ ላይ ደርሳ ነበር፣ ከመኪናው ላይ የሚጮሁት ድምፁን ዋጡት። ፎርማኑ ክንዷን ይዞ አሳፈራት። ከኋላ ካሉት አንዱ ቦርሳዋን ተቀበላትና ጭኑ ላይ አድርጎ አቀፈው። በሩ ተዘጋ። መኪናው የግቢውን ጭቃ እየረጨ ዞረና በዋናው በር ወጣ፤ መምህሩ ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ፣ ጥያቄው አፉ ውስጥ እንዳለ።